አርባና ሰማንያ ቀን፦ ክርስትና የተነሣችሁበት ቀን ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «ለሴቷ ለምን እጥፍ ሆነ? ታንሳለች ማለት ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ «ሥርዓቱ እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍም አይበቃም።

ብዙ ሰው መልሱን ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ይጀምራል። ወንድ የወለደች እናት 7 ቀንና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች ደግሞ 14 ቀንና 66 ቀን ትቆያለች፤ ሲደመር 40 እና 80 ይሆናል። እመቤታችንም የመንጻቷ ወራት ሲፈጸም ጌታን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ እንደ ወጣች ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፏል። በእኛም ዘንድ እናት እስከዚያ ቀን ቤተ መቅደስ ሳትገባ የምትቆየው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ኦሪቱ የሚናገረው ስለ እናቲቱ ነው። ወደ ሕፃኑ የሚያደርሰን ሌላ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌ።

ኩፋሌ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ ነው። በቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል፤ ሙሉውን ጠብቆ ለዓለም ያቆየው ግን ግእዝ ነው። በምዕራፍ 3 አዳም ከተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ኤደን ገነት እንደ ገቡ ይተርካል። አባቶቻችን የክርስትናን ቀን የሚያስተምሩት ከዚህ አያይዘው ነው፦ አዳም በበደሉ ወዳጣት ገነት ሕፃኑ በጥምቀት ይመለሳል። እንግዲህ ቁጥሩ የመግቢያ ቀን እንጂ የክብር መለኪያ አይደለም። ሔዋን የገባችው አዳም ወደ ገባባት ወደዚያችው ገነት ነው። ወንዱም ሴቷም በአንድ ስም ይጠመቃሉ፣ በአንድ ሜሮን ይከብራሉ፣ ከአንድ ሥጋና ደም ይቀበላሉ። ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 በክርስቶስ የተጠመቁ ሁሉ አንድ እንደሆኑ ወንድና ሴትን ጠቅሶ ጽፏል። ሰማንያውን ይዞ ሴትን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ምዕራፍ አሳዩት።

ደግሞም ሕፃኑ ቢታመምና ለሞት ቢያሰጋ ቀኑ አይጠበቅም፤ ካህን ተጠርቶ ወዲያው ይጠመቃል።

ሥርዓቱ ራሱ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ይቆማሉ። ልጁን የታቀፈው ሰው መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ካህኑ በተባረከው ውኃ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ያጠምቀዋል። ቀጥሎ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እጁን፣ እግሩን ሜሮን ይቀባዋል፤ ማዕተብ በአንገቱ ይታሰርለታል፤ በዚያኑ ዕለትም ይቆርባል። የልብሱን ነጭነትና የአዳራሹን ድግስ ብቻ ፎቶ የሚያነሣ ወላጅ ያቺን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር ባያመልጠው እወዳለሁ። ያ የዞረው ሰው ለልጁ እምነት ዋስ ሆኗል። ዝምድናውም እንደ ሥጋ ዝምድና ተቆጥሮ ጋብቻ ይከለክላል። ስለዚህ ክርስትና አባት ሲመረጥ ከሚያመጣው ስጦታ ይልቅ ጸሎቱና ምክሩ ይታይ።

ወንጌላውያን ወገኖቻችን «ያላመነ ሕፃን እንዴት ይጠመቃል?» ብለው ማርቆስ 16፥16ን ይጠቅሳሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ወገን ስላለ ይህ ክርክር በየማዕዱ ይነሣል። በሐዋርያት ሥራ 16 የወኅኒ ጠባቂው ከነቤተሰቡ ተጠምቋል፤ በዚያ ቤት ሕፃናት እንደነበሩ ግን አልተጻፈም፣ ስለዚህ ይህን ጥቅስ ብቻውን ይዞ መከራከር አያዋጣም። ለእኔ የሚያመዝነው ቆላስይስ 2፥11-12 ነው። ጳውሎስ ጥምቀትን ከግዝረት ጋር አያይዞታል፤ በስምንት ቀኑ የሚገረዝ ሕፃን ደግሞ ምንም ሳያውቅ የአብርሃም ቃል ኪዳን ወራሽ ይሆን ነበር። እምነቱ የወላጆቹ ነበር፤ አድጎ የራሱ ያደርገዋል።

በዚያ ቀን የወጣላችሁን ስም የማታውቁ ብዙዎች አላችሁ። ወንድ ከሆናችሁ በገብረ፣ በኃይለ ወይም በወልደ፣ ሴት ከሆናችሁ በወለተ ወይም በአመተ የሚጀምር ሊሆን ይችላል። በጸሎት፣ በተክሊል፣ በኋላም በፍትሐት የምትጠሩት በዚህ ስም ነው። እናታችሁን ወይም የክርስትና እናታችሁን አሁን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የክርስትና ካርዱ ከተገኘም ቅጂውን ያዙ። የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ምን መደረግ እንዳለበት እርሳቸው ይነግሯችኋል።