ሰከንድ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ሰከንድ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል መልኩ አንድ ሲሆን ፍቹ ብዙ ነው። አንደኛ፥ በተራ ሁለተኛ የሆነውን ያመለክታል፤ ሁለተኛ፥ የደቂቃ 60ኛ ክፍል ነው፤ ሦስተኛ፥ በጉባኤ የቀረበውን ሐሳብ መደገፍ ማለት ነው።

የሁሉም ሥር መከተል የሚል የላቲን ግሥ ነው። በላቲን ይጽፉ የነበሩ ሊቃውንት ሰዓትን በ60 ከፍለው ያገኙትን ፊተኛ ደቃቅ ክፍል፥ ይህንኑ ደግመው በ60 ከፍለው ያገኙትን ሁለተኛ ደቃቅ ክፍል ብለውታልና የጊዜው ስም ከዚህ ወጣ።

የባሕረ ሐሳብ መምህራንም ዕለትን በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ይከፍላሉ። ካልዒትም ሁለተኛዪቱ ማለት ናትና የስሙ ምስጢር አንድ ነው። ልኩ ግን ይለያል፤ አንዲት ካልዒት 24 ሰከንድ ናት።

እንግዲህ ተማሪ የጊዜውን ሰከንድ «ሁለተኛ» ብሎ ቢተረጉም መምህሩ አያሳፍረው፤ ልጁ የቃሉን ሥር አግኝቷልና። የቀረው አጠገቡ ያሉትን ቃላት አይቶ ፍቹን መለየት ነው። ብዙውን ጊዜ ቁጥር ቢቀድመው የጊዜ ልክ፥ ስም ቢከተለው ተራ ነው፤ ባለቤት ይዞ እንደ ግሥ ቢነገር መደገፍ ነው። ይህን የለመደ ልጅ በሌላውም ቃል አይሰናከልም።