ሰው ለምን ይሄዳል? ሶሻል ዴሞክራሲ በሀዲያና በከምባታ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ1907 የስዊድን መንግሥት ጉስታቭ ሱንድባርግ ለተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ከባድ ሥራ ሰጠው። ሕዝቡ አገሩን እየጣለ ለምን እንደሚሄድ አጥንቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ስዊድን ያኔ የድሃ ገበሬ አገር ነበረች። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ አሜሪካ ሄዶባታል፤ በክፍለ ዘመኑ መባቻ የቀረው ሕዝቧ ደግሞ 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። የሱንድባርግ ቡድን ስደተኞቹ ራሳቸው የጻፉትን ምላሽ ጭምር አሰባስቦ ሥራውን በ21 ቅጽ አሳተመ። መልሱ ለባለሥልጣናቱ የሚጥም አልነበረም፤ መሬት ጠቧል፣ ድሃው ድምፅ መስጠት አይችልም፣ ጌታው ይንቀዋል የሚል ነበር። ጥናቱ ተጠናቆ በወጣበት በ1913 ፓርላማው ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉንም ዜጋ የሚሸፍን የጡረታ ሕግ አጸደቀ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ሥልጣን ይዘው ዛሬ ዓለም የሚያወራለትን ሥርዓት መገንባት የጀመሩት ግን ከዚያ ወደ ሃያ ዓመት ዘግይተው፣ በ1932 ነው።

ይህን ታሪክ ከሀዲያዋ ሆሳዕና ወደ ከምባታዋ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ወደ ሺንሺቾ የሚጓዝ ሰው ቢሰማው ባዕድ አይሆንበትም። የቃጫ ቢራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሺንሺቾ እንሰትና ቡና በተጠጋጋበት፣ ጓሮ ከጓሮ በሚዋሰንበት ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖርበት ነበር። ግማሽ ሄክታር የሌለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ያቺኑ ለአራትና ለአምስት ወንድ ልጅ ማካፈል እንደማይቻል አባትም ልጅም ያውቃሉ። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በላይ ልጆቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኖረዋል።

መነሻውን በተመለከተ ብዙ ይወራል። ካናዳዊው ሰባኪ ፒተር ያንግረን በ1993 ዓ.ም. ሆሳዕና ላይ ባደረገው ስብከት አምላክ ለወጣቶቹ በደቡብ በኩል በር እንደከፈተላቸው ተንብዮ ነበር ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት አይደለም፤ ስደቱን ያጠኑ ምሁራንም መዝግበውታል። ትንቢት ይሁን አይሁን፣ በሩን ያሰፋው ገንዘብ ነው። ቀድሞ የሄደው ‹ሎኬሽን› በሚሉት የጥቁሮች መንደር ሱቅ ከፍቶ ወይም ብርድ ልብስ በዱቤ እያዞረ ሸጦ ወንድሙን ያስመጣል፤ ወንድሙ ደግሞ የአጎቱን ልጅ። ሆሳዕና ውስጥ ከተነሡት ፎቆች ብዙዎቹ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ የቆሙት አዳዲስ የብሎኬት ቤቶችም የዚህ ሰንሰለት ፍሬ ናቸው።

ሁሉም በራሱ ጥረት ይቁም የሚለውን የአሜሪካ መንገድ የሚያደንቅ ሰው እዚህ ላይ የሚለው አያጣም። መንግሥት ሳይረዳቸው፣ ባንክ ሳያበድራቸው፣ በራሳቸው ድፍረትና ጉልበት ከተማ ያለሙ ሰዎች ናቸው። እውነት ነው። ግን ሒሳቡ ሙሉ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 ኢትዮጵያውያን፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሉሳካ ዳርቻ ላይ ተጥለው የተገኙት 27 አስከሬኖች የዚሁ ንግድ ወጪ ናቸው። ሁሉም ለራሱ በሚሮጥበት ሥርዓት ያሸነፈው ፎቅ ይሠራል፤ የወደቀውን የሚያነሳው ዕድሩ ብቻ ነው፣ እሱም ለቀብር።

ሶሻል ዴሞክራሲ የሚባለው ነገር በአገራችን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ጎተራ ይገባል። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ያወጀውን ኅብረተሰባዊነት የሚያስታውስ ገበሬ ‹ሶሻል› የሚል ቃል ሲሰማ የእህል ኮታና የመንደር ምሥረታ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። የስካንዲኔቪያው መንገድ ግን ሱቁንም ፋብሪካውንም አልወረሰም። ቮልቮ፣ ኢኬያና ሌጎ በግል እጅ ያደጉ ኩባንያዎች ናቸው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የስዊድን ሠራተኞች ማኅበራትና አሠሪዎች ሳልትሾባደን በተባለች መዝናኛ ከተማ ተቀምጠው ተዋዋሉ፤ ደመወዝ በመንግሥት አዋጅ ሳይሆን በሁለቱ ድርድር እንዲወሰን ተስማሙ። ዛሬም ስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙ ግን በኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው። በአሜሪካ የጤና መድን በአብዛኛው ከሥራ ቦታ ጋር ታስሮ ሲገኝና ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ መድን ሲኖር፣ በሰሜን አውሮፓ ሐኪም ቤት የሚገባው ሰው የሚጠየቀው በአብዛኛው ነዋሪነቱን ነው። ለዚህም ስዊድንና ዴንማርክ ከጠቅላላ ምርታቸው ከ40 በመቶ በላይ በግብር ይሰበስባሉ። አሜሪካ የምትሰበስበው ከሩብ ብዙም አይርቅም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ10 በመቶ በታች።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። ሀብታም ያልሆነ አገር ምን ያካፍላል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስዊድንም ብረቷና ጣውላዋ ባይሸጥላት ኖሮ የጡረታ ሕጉ ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር። ይሁንና በሺንሺቾ አቅራቢያ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ የሰጠ ወረዳ አለ፤ ከዚያው ከከምባታ፣ ዳምቦያ።

በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከያኔው ደቡብ ክልል የተመረጡት ይርጋለም፣ ዳሞት ወይዴና ዳምቦያ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ እህል በሚሸጥበት ወቅት መዋጮ ይከፍላል፤ ያኔ ከ200 ብር ያነሰ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ከላይ ድጎማ ይጨምርበታል። መክፈል የማይችሉትን ደግሞ ቀበሌው ለይቶ ያስመዘግባል፣ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። የታመመው ሰው መታወቂያ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ገንዘብ አይጠየቅም። ዕድር ለሞት የሚያዋጣውን ልማድ ወደ ሕይወት ያዞረ፣ መንግሥት ደግሞ ከኋላ የደገፈው አሠራር ነው። ከዚያ ወዲህ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ይዟል። ችግሩም የታወቀ ነው፤ ደብተሩ አለ፣ መድኃኒቱ የለም። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ለመድኃኒት ወደ ግል ፋርማሲ ሲላክ በሚቀጥለው ዓመት ማሳደሱን ያስብበታል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሊነገር የሚገባው ሌላው የመድን ታሪክ ብዙም አይወራም። ለመደበኛ ሠራተኞች የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሠራተኛው አጉረመረመ፣ መንግሥትም ትግበራውን ደጋግሞ አራዘመው። ስለዚህ ገበሬው ለጎረቤቱ ሕመም እያዋጣ ደመወዝተኛው ሳያዋጣ ኖረ። ይህን የራስ ወዳድነት ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን ይከብዳል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በሀዲያና በአጎራባች ዞኖች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ለወራት ሲዘገይ ታይቷል፤ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱም ወረዳዎች ለማዳበሪያ ዋስ ሆነው የገቡበት ዕዳ ከበጀታቸው ላይ መቆረጡ ነበር። ደመወዙ ራሱ በማይታመንበት ቦታ ‹ትንሽ ቆርጠን ለጋራ እናስቀምጥ› የሚለውን ማን ይሰማል? መተሳሰብን በአዋጅ ማምጣት የሚቻለው ያዋጣው ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ መጠየቅ ሲችል ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከኢኮኖሚ ወደ ፖለቲካ ይሻገራል፤ ሀዲያም የራሷ ታሪክ አላት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ሊቅ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ በሽግግሩ ዘመን ምክትል የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ከፓሪሱ የተቃዋሚዎች ስብሰባ በኋላ ድርጅታቸው ከሽግግር ምክር ቤቱ ተባረረ። እሳቸው የሚመሩት የሀዲያ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ገዢውን ፓርቲ ሆሳዕና ዙሪያ በግልጽ ተገዳደረው። ግጭት ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ በሰኔ ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ፤ በየነም ፓርላማ ገቡ። ምርጫውን ቦታው ድረስ ሄዶ ያጠናው ኖርዌያዊው ምሁር ኼቲል ትሮንቮል ያነጋገራቸው ገበሬዎች ደጋግመው ያነሡት ማስፈራሪያ ነበር። ተቃዋሚን የመረጠ ማዳበሪያ እንዳያገኝ፣ መሬቱም አስተማማኝ እንዳይሆን ይነገረው ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ብድርና ሴፍቲኔት ለፖለቲካ ታማኝነት መለኪያ ይውላሉ ብሎ ከሰሰ፤ መንግሥት ክሱን አስተባበለ።

በዚህ ጽሑፍ አቋም የሀዲያ ምርጫ ከማንኛውም የፓርቲ ፕሮግራም ይልቅ ስለ ሶሻል ዴሞክራሲ የሚናገረው አለው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከረሃብ ጠብቋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስንዴውን የሚያድለው ሰው ድምፅህንም የሚጠብቅ ከሆነ ድጎማው መብት መሆኑ ቀርቶ ውለታ ይሆናል። ውለታ ደግሞ ይቆጠራል። ስዊድናዊው ገበሬ ጡረታውን ያገኘው የካህኑንም የአገረ ገዢውንም ፊት አይቶ አይደለም፤ ዕድሜው ስለደረሰ ነው። የድጎማ ብዛት ብቻውን አንድን አገር ሶሻል ዴሞክራሲያዊ አያደርገውም፤ እንዲያ ቢሆን ኢሕአዴግ በመንገድ፣ በጤና ኬላና በትምህርት ቤት ብዛት ከማንም ቀድሞ ስሙን በወሰደ ነበር።

ስዊድኖች ራሳቸው ይህን ትምህርት ኢትዮጵያ ውስጥ በውድ ገዝተውታል። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ ጭላሎ አውራጃ፣ አሰላ ላይ፣ ካዱ የተባለውን የግብርና ልማት ድርጅት ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር አቋቋሙ። ለአነስተኛው ገበሬና ለጭሰኛው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ቀረበ። ምርቱ አደገ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለርስቶቹ ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን ማባረር ጀመሩ። ስቶክሆልም የጭሰኝነት ሕግ ይውጣ እያለች ብትወተውትም ረቂቁ ባለርስት በሞላበት ፓርላማ ውስጥ ተኝቶ ቀረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ መጥቶ ሁሉንም እስኪያጠቃልለው።

በየነ ጴጥሮስ በኋላ የኢትዮጵያ ሶሻል ዴሞክራሲ ፓርቲን መድረክ ከተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ ጋር አሰልፈው ቆዩ። ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ መንግሥት የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን እንዲመሩ ሾማቸው፣ በ2017 ዓ.ም. አረፉ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢዜማም (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) ማኅበራዊ ፍትሕን በስሙ ውስጥ ይዟል፤ በምሥረታው መሪ ሆነው የተመረጡት ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ፓርቲዎቹ ስሙን ያዙ። ያልያዙት በስዊድን ስሙን ሥጋ ያለበሰውን የሠራተኛ ማኅበር ጡንቻ ነው። እንዲህ ያለ ጡንቻ በአገራችን አንድ ጊዜ ታይቶ ነበር፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የመታው አጠቃላይ አድማ መንግሥትን አናውጧል። ደርግ ብዙ ሳይቆይ ማኅበሩን ዘጋው።

የሠራተኛው የዛሬ መልክ ሐዋሳ ላይ ይታያል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከሀዲያና ከከምባታ ገጠሮች ሴት ልጆችን እየጠራ ለአሜሪካ ገበያ ሸሚዝ አሰፋ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደሆነና በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። ከዚህ ለቤት ኪራይና ለምሳ ሲቀነስ ወደ ቤት የሚላክ አይተርፍም፤ ልጅቱ ጥላው ብትሄድ፣ ወይም ወንድሟ ሐዋሳን አልፎ ወደ ሞያሌ ቢያመራ የሚገርም ነገር የለውም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ስትታገድ ብዙዎች ያንንም አጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ በእጥፍ አደገ፤ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ቤት የሚላክለት ብር በረከተ፣ በደመወዝ የሚኖረው ጎረቤቱ የዘይት ዋጋ ከበደው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ የሠራተኛ፣ የአሠሪና የመንግሥት ተወካዮች ተቀምጠው እንዲደራደሩበት። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በየዓመቱ በሠራተኞች ቀን ጥያቄውን ያነሣል። ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ወለሉ ዓመታት ቆጥሮም ሥራ ላይ አልዋለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ግብር የማይከፈልበትን ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ አድርጓል፤ ከ14 ሺህ ብር በላይ ከሚገኘው ላይ ግን 35 በመቶ ይወስዳል። ይህ ጣሪያ የሚነካው በወር ደመወዙ መዝገብ ላይ የሚታይን ሰው ነው። በዱቤ ነግዶ፣ በሐዋላ ልኮ፣ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ያቆመው ባለሀብት ከዚያ መዝገብ ውጭ ነው። ዳምቦያ ላይ ለጤና መድን የሚያዋጣው ገበሬም እንዲሁ፤ እሱ ግን መዋጮውን በየዓመቱ በእጁ ይከፍላል።