የቤት ኢንሹራንስና ሆም ዋራንቲ፦ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ብድሩ ጸድቆ ቁልፍ ሊረከብ ሲቃረብ ሁለት ክፍያዎች ይቀርቡለታል። አንዱ የቤት ኢንሹራንስ ነው፤ ሌላው ሆም ዋራንቲ ይባላል። ሁለቱም «ቤትዎን ይጠብቁልዎታል» እየተባሉ ስለሚሸጡ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከአትላንታ እስከ ኦሮራ በሚኖረው ማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። በዚህም የተነሳ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሲሆን እናያለን፦ ቤተሰቡ ኢንሹራንሱን በርካሽነቱ ብቻ ይመርጣል፤ ለዋራንቲው ግን ውሉን ሳያነብ በየዓመቱ ይከፍላል።

መለኪያው አንድ ነው። ኢንሹራንስ የሚገዛው ቢደርስ ቤተሰብን ባዶ እጁን ሊያስቀር ለሚችል ጉዳት ነው። ዋራንቲ የሚገዛው ደግሞ ቀኑ ባይታወቅም መምጣቱ ለማይቀር የጥገና ወጪ ነው። የመጀመሪያውን ከደመወዝ ቆጥቦ መወጣት አይቻልም፤ ሁለተኛውን ግን አብዛኛው ባለቤት አስቀድሞ ከተዘጋጀ ይወጣዋል። በየቤቱ የሚነገሩትን እምነቶች በዚህ መለኪያ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ አንዱ ካለኝ ይበቃኛል።»

እውነታው፦ የቤት ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ድንገተኛ ጉዳትን ነው፦ እሳትን፣ ንፋስን፣ በረዶን፣ ስርቆትን፣ በድንገት የፈነዳ ቧንቧን። እንግዳ ደረጃዎ ላይ ወድቆ ቢከስዎት ጠበቃ የሚያቆመውና ካሳ የሚከፍለውም እሱ ነው። ሆም ዋራንቲ ግን የጥገና አገልግሎት ውል ነው። ማሞቂያው፣ ኤሲው፣ ፍሪጁ ወይም የልብስ ማጠቢያው በአገልግሎት ብዛት ሲበላሽ ሠራተኛ የሚልክ ድርጅት ማለት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሁለቱ በአንድ አደጋ ላይ ሲገናኙ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ያለ አሮጌ የውኃ ማሞቂያ በድንገት ተቀዶ ምንጣፉንና ግድግዳውን አበላሸ እንበል። ኢንሹራንሱ ለምንጣፉና ለግድግዳው ይከፍላል፤ ለማሞቂያው አይከፍልም። ዋራንቲው ማሞቂያውን ይቀይራል፤ ምንጣፉን አይነካም። ውኃው ለወራት ቀስ እያለ ሲያንጠባጥብ የቆየ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም «በጊዜው ባለመጠገኑ የመጣ ነው» ብለው ሊመልሱዎት ይችላሉ። ምስጥ፣ የቆየ ሻጋታና እርጅናም በተራ የቤት ኢንሹራንስ አይሸፈኑም።

ተረት 2፦ «ለዓመታት ኢንሹራንስ ከፍዬ አንድ ሳንቲም አላገኘሁም፤ ገንዘቤ ባከነ።»

እውነታው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ካሳ የሚጠይቁት ኢንሹራንስ ካላቸው 100 ቤቶች 5 ወይም 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ከፍሎ ምንም ሳይቀበል መኖሩ የታወቀ ነው፤ የሚበጀውም እሱ ነው። ለዓመታት እድር የከፈለ ሰው ቤቱ ለቅሶ ስላልተቀመጠ ገንዘቤ ባከነ አይልም። የገዛው፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ብቻውን እንዳይሸከመው የሚያደርገውን ትከሻ ነው።

ኢንሹራንስ የሌለው ቤት ቢቃጠል ብድሩ አብሮ አይቃጠልም። ቤቱ የለም፤ ወርኃዊ ክፍያው ግን ይቀጥላል። ጥሩ ውል ግንባታውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ እስኪሠራ ድረስ የሚከራዩትን ቤት ወጪም ይሸፍናል። ሰው ሲከስዎት የሚከፍለው የኃላፊነት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 ወይም ከ300,000 ዶላር ይጀምራል፤ ወደ 500,000 ለማሳደግ የሚጨመረው ክፍያ ከሚያስገኘው ጥበቃ አንጻር ትንሽ ነው። ይህ ሽፋን ቤትዎን ብቻ ሳይሆን ያጠራቀሙትን ገንዘብም ከክስ ይጠብቃል።

የቤት ኢንሹራንስን ግዴታ የሚያደርገው የክልል ሕግ ሳይሆን አበዳሪው ነው። ኢንሹራንስዎ ከተቋረጠ አበዳሪው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ልኮ፣ ከ45 ቀን በኋላ ራሱ ገዝቶ ሂሳቡን በእርስዎ ላይ ሊጭን ይችላል። ይህ በግድ የሚገባ ኢንሹራንስ ውድ ነው፤ የሚጠብቀውም በዋናነት የባንኩን ገንዘብ ነው። የቤት ዕቃዎንና የኃላፊነት ክስን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ብድራቸውን ከፍለው የጨረሱ ሰዎች ደግሞ «አሁን የሚያስገድደኝ የለም» ብለው ሲያቋርጡ እናያለን። ያን ጊዜ ግን የቤቱ ዋጋ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ሆኗል፤ ጉዳት ቢደርስ የሚጠፋው ሀብትም ሙሉው የእነሱ ነው።

ተረት 3፦ «ቤቱን በ600,000 ስለገዛሁት ኢንሹራንሱም በ600,000 መሆን አለበት።»

እውነታው፦ በገበያ ዋጋ ውስጥ መሬቱም አለ፤ መሬት ደግሞ አይቃጠልም። ኢንሹራንስ መመሥረት ያለበት ቤቱን እንደገና ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ላይ ነው። ይህ ወጪ ከገበያው ዋጋ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። የእንጨትና የሠራተኛ ዋጋ ሲንር፣ ከዓመታት በፊት በቂ የነበረ ሽፋን ሳይታወቅ ጎዶሎ ይሆናል። በዲሴምበር 2021 መጨረሻ በኮሎራዶ ቦልደር ካውንቲ የተነሳው የማርሻል እሳት ከ1,000 በላይ ቤቶችን ሲያወድም፣ ብዙ ባለቤቶች ሽፋናቸው ለመልሶ ግንባታ እንደማይበቃ ያወቁት ከቃጠሎው በኋላ ነው።

ጎዶሎ ሽፋን የሚጎዳው ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ አይደለም። ብዙ ውሎች ሽፋንዎ ቢያንስ የመልሶ ግንባታውን ወጪ 80 በመቶ እንዲያህል ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ቤቱን እንደገና ለመሥራት 500,000 ዶላር የሚፈጅ ከሆነ ሽፋኑ ቢያንስ 400,000 መሆን አለበት። ሽፋንዎ 300,000 ሆኖ ወጥ ቤቱ ላይ የ40,000 ዶላር ጉዳት ቢደርስ፣ ኩባንያው ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 30,000ውን ብቻ አስቦ፣ ከዚያም ላይ ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ከራስዎ ኪስ የሚሸፍኑትን የመጀመሪያ ድርሻ፣ ቀንሶ ሊከፍልዎት ይችላል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር ካሳው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ በአሮጌ ዋጋ የሚለው ነው። በአሮጌ ዋጋ የሚከፍል ውል፣ 15 ዓመት የቆየ ጣሪያ በበረዶ ሲመታ የ15 ዓመቱን እርጅና ይቀንሳል። በርካሽ የተገኙ ብዙ ውሎች ርካሽ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት 4፦ «ከወንዝም ከባሕርም ርቄ ነው የምኖረው፤ ጎርፍ ቢመጣም ኢንሹራንሴ ይከፍላል።»

እውነታው፦ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የመሬት መንቀጥቀጥንም አይሸፍንም። ጎርፍ የባሕር ዳርቻ ችግር ብቻ አለመሆኑን የሜሪላንዷ ኤሊኮት ሲቲ አሳይታለች፦ በጁላይ 2016 እና በሜይ 2018 የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ዋና መንገዷን ሁለት ጊዜ ወደ ወንዝ ለውጦታል። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅም ውኃ ከገባባቸው ቤቶች አብዛኞቹ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም።

የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። በ1968 የተቋቋመው የፌዴራሉ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት ግንባታ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ የዝናቡን ትንበያ ሰምቶ መሮጥ አይጠቅምም። ለቤዝመንት ያለው ሽፋንም ውስን ነው፦ ማሞቂያውን ሊሸፍን ይችላል፤ ምንጣፉን፣ የተሠራውን ግድግዳና ሶፋውን ግን አይሸፍንም። ከፍሳሽ መስመር ወደ ቤት ተመልሶ የሚገባ ውኃ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቤት ኢንሹራንሱ ላይ በትንሽ ክፍያ ተጨማሪ ሽፋን ይጠየቅለታል። ቤዝመንቱን አሠርቶ የሚኖርበት ወይም የሚያከራይ ሰው ይህን መዝለል የለበትም።

ተረት 5፦ «ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ተሸፍኗል።»

እውነታው፦ የቤት ዕቃ ሽፋን በውስጡ ትንንሽ የክፍያ ጣሪያዎች አሉት። በብዙ ውሎች የተሰረቀ ወርቅና ጌጣጌጥ የሚካሰው እስከ 1,500 ዶላር ገደማ ነው። ጥሬ ገንዘብ ደግሞ 200 ዶላር አካባቢ ላይ ይቆማል። የሠርግ ወርቅ ወይም ዛሬ የወጣ ዕቁብ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት። ወርቁን አስገምቶ ውሉ ላይ በዝርዝር ማስመዝገብ ይቻላል፤ ገንዘቡ ግን ቦታው ባንክ ነው።

ቤት ውስጥ ልጆች የሚይዙ እናቶቻችንና እህቶቻችንም ልብ ይበሉ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ከንግድ ሥራ የሚመጣ ክስን አያስተናግድም። አንድ ሕፃን ቢወድቅና ወላጆቹ ቢከሱ፣ ለቤት ውስጥ ዴይኬር የተጨመረ ሽፋን ወይም ራሱን የቻለ የንግድ ኢንሹራንስ ከሌለ ክሱ ቤትዎ ላይ ያርፋል። ክፍል ወይም ቤዝመንት የሚያከራይም ለኩባንያው በግልጽ መናገር ይኖርበታል። የተከራዩ ዕቃ በባለቤቱ ኢንሹራንስ አይሸፈንም፤ ተከራዩ የራሱን ርካሽ የተከራይ ኢንሹራንስ ይግዛ።

ተረት 6፦ «ፒኤምአይ እየከፈልኩ ነው፤ ስለዚህ ኢንሹራንስ አለኝ።»

እውነታው፦ ፒኤምአይ (የሞርጌጅ ኢንሹራንስ) የሚጠብቀው አበዳሪውን ነው፤ እርስዎ ብድሩን መክፈል ቢያቅትዎት እሱ እንዳይከስር። በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት የኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው) ብድርዎ ወደ ቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ሲወርድ እንዲነሳልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ክፍያዎን በጊዜው እየከፈሉ ከሆነ በብድሩ የክፍያ ሰሌዳ መሠረት 78 በመቶ ሲደርስ በራሱ መነሳት አለበት።

ተረት 7፦ «ሆም ዋራንቲ ካለኝ የተበላሸውን ሁሉ በነጻ ይሠሩልኛል።»

እውነታው፦ ከዓመታዊው ክፍያ በተጨማሪ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሚከፈል አለ፤ ብዙ ጊዜ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃም የክፍያ ጣሪያ ይቀመጥለታል። ውሉ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ብልሽት አይሸፈንም። በየጊዜው ሰርቪስ እንዳስደረጉት የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለዎት ጥያቄዎ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛውን የሚመርጠው ኩባንያው ነው፤ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። በጁላይ ሙቀት ኤሲው ለቆመበት ቤተሰብ ይህ ውሳኔ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ሂሳቡን እናስላ። በዓመት 650 ዶላር የሚከፍልና በዓመት ሁለቴ በ100 ዶላር ሠራተኛ የሚያስጠራ ሰው በአምስት ዓመት 4,250 ዶላር ያወጣል። ያንኑ ገንዘብ በተለየ የቁጠባ ሂሳብ ቢያስቀምጥ የውኃ ማሞቂያ ቀይሮ ለኤሲው ወጪ የሚሆን ጥሩ ድርሻ ይተርፈዋል። ምንም ካልተበላሸ ደግሞ ገንዘቡ የራሱ ነው።

ይህ ማለት ዋራንቲ ለማንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሻጩ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎልዎት ከሆነ ይቀበሉት። ያለዎት ሁሉ ለቅድመ ክፍያ ወጥቶ፣ ቤቱም ማሞቂያውም አሮጌ ከሆነ፣ ለአንድ ዓመት ትንፋሽ መግዣ ሊሆን ይችላል። በሌላ ክልል ያለ ቤቱን የሚያከራይና ባለሙያ የማያውቅ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል። አዲስ ቤት የገዛ ግን መጀመሪያ የሠሪውን ዋስትና ያንብብ። በብዛት የሚሰጠው ለሥራ ጥራት አንድ ዓመት፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ መስመሮች ሁለት ዓመት፣ ለዋናው መዋቅር አሥር ዓመት ነው። ያለውን ዋስትና ዳግም መግዛት ትርፉ ወጪ ነው።

ተረት 8፦ «ዋራንቲዬ ሊያልቅ ነው የሚል ደብዳቤ ከባንኬ መጣ።»

እውነታው፦ የቤት ግዥ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስምዎን፣ አድራሻዎንና የአበዳሪዎን ስም ከዚያ ወስዶ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ደብዳቤ የሚልክ ሻጭ ብዙ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለነዚህ ደብዳቤዎች ሸማቾችን አስጠንቅቋል። ሆም ዋራንቲ እንዲኖርዎ የሚያስገድድ ካውንቲ የለም። ጥርጣሬ ካለዎት ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን በወርኃዊ የሞርጌጅ ሂሳብዎ ላይ ባለው ቁጥር ደውለው ይጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆቻችን በቀላሉ የሚሸበሩት በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ስለሆነ አስቀድመን እንንገራቸው።

ተረት 9፦ «ለዚህ አይደል የምከፍለው? ትንሽም ብትሆን ካሳ ልጠይቅ።»

እውነታው፦ የካሳ ጥያቄዎች ኩባንያዎች በሚጋሩት መዝገብ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያሉ። በተደጋጋሚ የጠየቀ ሰው ክፍያው ሊጨምርበት ወይም ውሉ ላይታደስለት ይችላል። ስለዚህ ዲዳክቲብልዎ 1,000 ዶላር ሆኖ ጉዳቱ 1,400 ከሆነ፣ በ400 ዶላር የተነሳ መዝገብ ማበላሸት አያዋጣም። ከዚህ ይልቅ ዲዳክቲብሉን ወደ 2,500 ማሳደግ ክፍያውን ይቀንሳል፤ የተረፈውም ወደ ቁጠባው ይግባ። የንፋስና የበረዶ ዲዳክቲብል በመቶኛ የሚሰላበት ውል ግን በጥንቃቄ ይታይ፦ በ500,000 ሽፋን ላይ 2 በመቶ ማለት የመጀመሪያው 10,000 ዶላር ከእርስዎ ኪስ ይወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ሊወጣባቸው ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። ለቤት ኢንሹራንስ ገንዘብ ማውጣት ይገባል፤ ብድር ባይኖርም ይገባል፤ ሲገዛም በርካሽነቱ ሳይሆን በሽፋኑ ይመረጥ። ሆም ዋራንቲ ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ ከጥገና ቁጠባ አይበልጥም። በዚህ ሳምንት ከውልዎ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አውጥተው አራት ነገር ይፈልጉ፦ የመልሶ ግንባታው ሽፋን ስንት ነው? የጣሪያ ካሳ በአዲስ ዋጋ ነው ወይ? የፍሳሽ ውኃ ተጨምሯል ወይ? የኃላፊነት ሽፋኑ ስንት ነው? ከዚያ ቤቱን ክፍል በክፍል በስልክዎ በቪዲዮ ቀርጸው ከቤት ውጭ በሆነ ቦታ ያኑሩት። ኩባንያው አላግባብ ከከለከለዎት በየክልሉ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፤ አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም። ይህ ቤት የተገዛው በብዙ ሰው ድካም ነው፤ በእሱ ላይ ተስፋ የጣሉ ዘመዶች አገር ቤትም አሉ። አንድ ምሽት ወስዶ ውሉን ማንበብ ለዚያ ድካም የሚገባው ጥበቃ ነው።