የጽሑፍ አሻራ

መጻፍ የማያውቅ ሰው ውል ሲዋዋል በአውራ ጣቱ ይፈርማል። የአንዱ ሰው የጣት አሻራ ከሌላው ስለሚለይ፣ የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ ጽሑፍም የራሱ አሻራ አለው። ይህን አሻራ የሚያወጡት ስልክና ኮምፒዩተር ናቸው። ባለሙያዎች ሀሽ ይሉታል። ታዲያ ለገበሬ ምን ይጠቅማል?

ከሞጣ ወደ ቢቸና «12 ኩንታል ጤፍ ልከናል» የሚል መልእክት ተላከ እንበል። በመካከል አንድ ሰው 12ቱን 21 ቢያደርገው በምን እናውቃለን? ላኪው የቁጥሩን አሻራ አውጥቶ ለተቀባዩ በቃል ይንገረው። ተቀባዩም የደረሰውን ቁጥር አሻራ አውጥቶ ያመሳክር። አሻራውን በመደመር ብናወጣ፣ 1 ሲደመር 2፣ 3 ይሆናል፤ 2 ሲደመር 1ም 3 ነው። ለውጡ አልታየም። አሁን የመጀመሪያውን አሃዝ በ1፣ ሁለተኛውን በ2 አባዝተን እንደምር። ከ12 የምናገኘው 5 ነው፤ ከ21 ግን 4 ነው። ለውጡ ታወቀ። ሆኖም ተንኮለኛው 50 ብሎ ቢጽፍስ? ያው 5 ይወጣል! እንግዲህ ቀላል ስሌት ስሕተትን ያሳይ ይሆናል እንጂ ተንኮልን አያስቆምም።

ስለዚህ ጠንካራ ስሌት ያስፈልጋል። ሻ-256 የሚባለው ስሌት በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በደረጃነት ወጣ። ዛሬ በብዙ ስልኮች ውስጥ ይሠራል። ጽሑፉን እየከፋፈለ እያንዳንዱን ክፍል 64 ጊዜ ያሸዋል። አንድ ቃልም ሆነ ሙሉ መጽሐፍ ቢገባ፣ የሚወጣው አሻራ ርዝመት 64 ምልክት ብቻ ነው። ዱቄት ተመልሶ ጤፍ እንደማይሆን ሁሉ፣ ከአሻራው ተነሥቶ ጽሑፉን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል። እኛ «ቢቸና» ወይም «ብቸና» ብለን ብንጽፍ አገሩ ያው ነው። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። «ቢ» 4706 ናት፤ «ብ» 4709 ናት። ስለዚህ የሁለቱ ቃላት አሻራ ፈጽሞ አይገናኝም።

ይህ አሻራ በስልካችን ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል።

አንደኛ፣ መተግበሪያ ስንጭን ስልኩ አሻራውን ያመሳክራል። ከታተመ በኋላ ተነካክቶ ከሆነ አልጭንም ይላል። ነገር ግን አንድ አታላይ ፕሮግራሙን ለውጦ የራሱን ማኅተም ሊያደርግበት ይችላል። ስለዚህ መተግበሪያን ከማናውቀው ሰው ስልክ አንቀበል። ከባለቤቱ ወይም እንደ ፕሌይ ስቶር ካለ ከታወቀ ቦታ እንውሰድ።

ሁለተኛ፣ የምስጢር ቁጥራችንን ይጠብቃል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘብ በስልክ ይልካል፣ ይቀበላል። በደንብ የተሠራ የገንዘብ አገልግሎት የምስጢር ቁጥሩን እንዳለ በመዝገብ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው አሻራውን ነው። ቁጥሩን በነካን ጊዜ አሻራውን አውጥቶ ያመሳክራል።

ግን እንጠንቀቅ። ባለ 6 አሃዝ ቁጥር 1,000,000 ዓይነት ብቻ ነው። አሻራውን የሰረቀ ሰው በኮምፒዩተር ሁሉንም በአጭር ጊዜ ሊሞክር ይችላል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች አሻራው ከመውጣቱ በፊት ሌላ ቁጥር የሚጨምሩበት። ይህንንም «ጨው» ይሉታል። መዝገቡንም በጥብቅ ይቆልፋሉ።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ምስጢሩን በገዛ አፋችን ከነገርን ምንም አይረባንም። «አላየውም፣ አንተው ንካልኝ» ብለን ስልካችንን ለሌላ ሰው ከሰጠን፣ አሻራውም ጨውም አያድነንም። ቁጥር ማንበብ ችለናል። እንግዲያው የምስጢር ቁጥራችንን በገዛ ጣታችን እንንካ፤ የተላከውንና የቀረውን ብርም ራሳችን እናንብብ።