የወለድ ምጣኔ ሲጨምር ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?



በዛሬው ገለጻዬ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ። የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድን ከፍ ማድረግ ዕድገትን ይጎዳል ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ የሚሆነው ወለድን ዝቅ አድርጎ መቆየት የሚያስከትለውን ጉዳትም አብረን ስናሰላ ነው።

በዚህ ረገድ ዘወትር የሚጠቀሱት ፖል ቮልከር ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ሆነው ሲሾሙ የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ10 በመቶ በላይ ነበር። የቮልከር እምነት ግልጽ ነበር፦ ሰው ሁሉ ነገ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ከጠበቀ፣ ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ነጋዴውም አስቀድሞ ዋጋ ይሰቅላል፤ በዚህም ግምቱ ራሱን በራሱ እውን ያደርጋል። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የገንዘብ አቅርቦትን ዕድገት ገቱ። በ1981 የአጭር ጊዜ ወለድ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። ባለዕዳ ገበሬዎች ትራክተሮቻቸውን እየነዱ በባንኩ ደጃፍ ተሰለፉ፤ ሥራ የፈቱ ቤት ሠሪዎች ጣውላ እየቆረጡ በፖስታ ላኩላቸው። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። በ1983 ግን የዋጋ ንረቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ኢኮኖሚውም አገገመ። ትርፉ ለብዙኃን ቢዳረስም፣ ዋጋውን የከፈሉት ተለይተው የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ የምናገኘው የተገላቢጦሹን ነው፤ በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ዋጋ ያስከፈለው ዝቅተኛው ወለድ ነው። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ስሌቱን አብረን እንሥራ። 100 ብር ያስቀመጠች አንዲት ቆጣቢ በዓመቱ 107 ብር ታገኛለች። ዓምና 100 ብር ያወጣ የነበረው ሸቀጥ ግን 130 ብር ገብቷል። ስለዚህ በእጇ ያለው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ ወደ 82 ብር ወርዷል። የጎደለው 18 ብር በንኖ አልጠፋም፤ በርካሽ ወለድ ወደ ተበደረው ወገን ተሻግሯል። ቦታ ወይም ቤት ገዝቶ ሀብቱን ማሸሽ የሚችል ሰው ከዚህ ያመልጣል፤ በደመወዝና በጡረታ የሚኖር ግን አያመልጥም። በምክር ቤት ያልጸደቀ ግብር ብዬ የምጠራውም ይህን ነው።

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔን 15 በመቶ አድርጎ ወሰነ። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ወለድ ተበዳሪው ራሱ አስልቶ እንዲወስን ያደርጋል፤ የመጠን ገደብ ግን ወረፋ ይፈጥራል። በወረፋ ደግሞ ቀድሞ የሚገፋው፣ ሥራው አትራፊ ቢሆንም እንኳ በቂ ዋስትና የሌለው አነስተኛ አምራች ነው።

ወለድም ቢሆን ወሰን አለው። በአገራችን የዋጋ መለኪያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ድርሻ ያለው ምግብ ነው፤ የወለድ ጭማሪ ዝናብ አያዘንብም፣ የተዘጋ መንገድም አይከፍትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከማዕከላዊ ባንኩ በቀጥታ እየተበደረ የሚሸፍን ከሆነ፣ ባንኩ በአንድ እጁ ውኃ እያፈሰሰ በሌላው እሳቱን ያራግባል። ቆጣቢዋና ነጋዴው ይህን ካዩ፣ የታወጀው ወለድ ምንም ያህል ቢሆን ግምታቸው አይለወጥም። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ በዚህ ብድር ላይ ገደብ ማበጀቱን ከ15 በመቶው ቁጥር የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምጥናት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች ወለዱ ስንት ሆነ በሚለው ብቻ እንዳትወሰኑ አደራ እላለሁ። ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲነጻጸር ለቆጣቢው ምን ተረፈው? ብድሩ ለማን ደረሰ? ጉድለቱስ በምን ተሸፈነ? ወለድና ዕድገት የሚታረቁትም ሆነ የሚጣሉት በእነዚህ ሦስት መልሶች ነው።