«ፒ.ኤ.» የተባለው የፕሮቲን ክፍል እና የትልቁ አንጀት ካንሰር

«ፒ.ኤ.» የተባለው የፕሮቲን ክፍል ስያሜውን ያገኘው ፕሮቲን ሰባሪ ከሆኑ ኢንዛይሞች ጋር ተያይዞ በመታወቁ ነው። ይሁንና ራሱ ፕሮቲን አይሰብርም፤ ዋና ተግባሩ ሌሎች ፕሮቲኖችን ለይቶ መያዝ እንደሆነ ይታመናል። በዕፅዋት ውስጥ ፕሮቲኖችን ወደ ቫኩዮል በሚመሩ ተቀባዮች ላይ፣ በሰው ደግሞ ዩቢኪቲን በሚለጥፉ የሕዋስ ሽፋን ኢንዛይሞች ላይ ይገኛል።

ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ አር.ኤን.ኤፍ.43 ነው። ይህ ኢንዛይም የውንት ፕሮቲኖችን መልእክት በሚቀበለው ፍሪዝልድ ላይ ዩቢኪቲን በመለጠፍ ተቀባዩ በሊሶሶም እንዲወገድ ያደርጋል፤ በዚህም የአንጀት ሕዋሳት ያለ ልክ እንዳይራቡ ይገታል። አር-ስፖንዲን የተባለው ፕሮቲን ከሕዋሱ ውጭ ያለውን የፒ.ኤ. ክፍል ሲይዝ ግን ኢንዛይሙ ከሽፋኑ ላይ ይነሣል፤ መልእክቱም ይበረታል።

የአር.ኤን.ኤፍ.43 ጂን ሲጎዳ ይህ ልጓም ይላላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጉዳቱ ከ18 በመቶ በላይ በሆኑ የትልቁ አንጀት ካንሰሮች ላይ ተገኝቷል። የኤ.ፒ.ሲ. ጂን ጉዳት መልእክቱን ከተቀባዩ በታች ስለሚያስነሣ ዕጢው ውንትን አይጠብቅም። አር.ኤን.ኤፍ.43 የተጎዳበት ዕጢ ግን አሁንም ውንትን ይሻል። የውንትን መመንጨት የሚያግዱ መድኃኒቶች በእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ላይ የተሞከሩትም ስለዚህ ነው። በመሆኑም የዕጢ የጂን ምርመራ ውጤት ሲነበብ የትኛው ጂን እንደተጎዳና ጉዳቱ ተግባሩን ማጥፋት አለማጥፋቱን መለየት ይገባል።