ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ

ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከሳሪስ መጋዘኖች እስከ ለቡ አዳዲስ ሕንፃዎች፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ካሜራ የተሰቀለበት በር ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ገዢ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ስንት ሜጋ ፒክስል ነው? ስንት ቀን ይይዛል? ባለሙያው ኬብሉን ይዘረጋል፣ ስክሪኑ ላይ ምስል ይመጣል፣ ሒሳብ ይዘጋል። እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና አልተነካም ባይ ነኝ። ካሜራ ዓመቱን ሙሉ የሚቀዳው ለአንድ ክፉ ቀን ነው። በዚያ ቀን መናገሩም ሆነ ዝም ማለቱ የሚወሰነው በመቅጃው፣ ማለትም ዲቪአር ወይም ኤንቪአር በምንለው ሣጥን ሴቲንግ ውስጥ በተሞሉ ጥቂት ቁጥሮች ነው። ፋብሪካው ደግሞ እነዚያን ቁጥሮች የሞላቸው የእኛን በር፣ የእኛን መብራትና የእኛን ሰዓት ሳያውቅ ነው።

ከሁለተኛው ጥያቄ እንጀምር። ስንት ቀን እንደሚይዝ ሃርድ ዲስኩ ላይ አልተጻፈም። መልሱ የሚገኘው ቢትሬት ከሚባለው ቁጥር ነው፤ ይህም ካሜራው በየሰከንዱ ወደ መቅጃው የሚልከው የመረጃ መጠን ነው። ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ኤች.264 በተባለው የመጭመቂያ ዘዴ፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት እየላከ ያለማቋረጥ ይቀዳል እንበል። 4 ሜጋቢት ግማሽ ሜጋባይት ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። ስለዚህ አንዱ ካሜራ በቀን 43.2 ጊጋባይት፣ አራቱ ደግሞ ወደ 173 ጊጋባይት ይወስዳሉ። በዚህ አያያዝ 1 ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ መቅጃው አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን በላዩ ይጽፋል። ዕቃ መጉደሉን በወር መጨረሻ ቆጠራ ለሚያውቅ መጋዘን ስድስት ቀን ከምንም አይቆጠርም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ኤች.265 ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ገደማ መጠን ያስቀምጣል። ካሜራውም መቅጃውም የሚቀበሉት ከሆነ ቢትሬቱን ወደ 2 ሜጋቢት አውርዶ በዚያው ዲስክ ከ11 ቀን በላይ ቅጂ ማቆየት ይቻላል። ብዙ ሰው ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲል በሰከንድ የሚነሱትን ፍሬሞች ከ25 ወደ 12 ይቀንስና ቢትሬቱን ሳይነካው ያልፋል። ቢትሬቱ ቋሚ ተደርጎ ከተቀመጠ በዚህ ምንም ቦታ አይተርፍም፤ መቅጃው ያንኑ 4 ሜጋቢት ለጥቂት ፍሬሞች ያከፋፍለዋል እንጂ። ሁለቱ አብረው መውረድ አለባቸው። ተለዋዋጭ ቢትሬት ከተመረጠ ጸጥ ባለ ግቢ ውስጥ ፍጆታው በራሱ ይቀንሳል። ሌሊት ግን ብርሃን ሲያንስ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ እንደ እንቅስቃሴ ስለሚቆጠር ፍጆታው መልሶ ይጨምራል፤ ስለዚህ የላይኛው ጣሪያ መወሰን አለበት። የፍሬሙን ቁጥር በተመለከተ ሰው ለሚመላለስበት ኮሪደር 12 በቂ ነው እላለሁ። ገንዘብ በሚቆጠርበት ጠረጴዛ ላይ ግን እጅ ፈጣን ነውና 25ቱን አልነካም።

እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅዳ የሚለው ምርጫ ዲስክ ይቆጥባል። ችግሩ በአጥሩ ላይ የሚወዛወዝ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም፣ የክረምት ዝናብም፣ በሌሊት መብራቱ ላይ የሚዞር ነፍሳትም እንቅስቃሴ መሆኑ ነው። መንገዱና ዛፉ ከሚጠበቀው ክልል ውጭ እንዲሆኑ በማውዝ መስመር ማስመር ግድ ነው፤ ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን አምስት ሰከንዶችም እንዲይዝ ማዘዝ ይገባል። አቅም ካለ በትንሽ ፍሬም ቀን ከሌሊት መቅዳት፣ እንቅስቃሴ ሲመጣ ወደ ሙሉ ጥራት ማደግ ከሁሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ሜጋ ፒክስሉ። የዘርፉ ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ አይኢሲ 62676-4፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው እትሙ የማናውቀውን ሰው ማንነት ከምስል ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል ይላል። የምናውቀው ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ 125፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ 25 ይበቃል። 1920 ፒክስል ወርድ ያለው ካሜራ ለ250 ሲካፈል 7.68 ሜትር ይመጣል። ካሜራው የሚያየው ስፍራ ከዚህ ከሰፋ ፊት ለመለየት የሚበቃ ፒክስል የለም። በገበያ በብዛት በሚገኘው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ ስፋት የሚሞላው ከካሜራው ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ጣሪያ ጫፍ ላይ ሆኖ መላውን የመኪና ማቆሚያ የሚያሳይ አንድ ካሜራ ሰው መምጣቱን ይነግራል፤ ማን እንደመጣ ግን አይነግርም። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ቢበቃ ኖሮ እኔ ደረጃው መግቢያ ላይ በሰው ቁመት ልክ እሰቅለው ነበር።

ፒክስሉ ቢበቃም ፍጥነት ሌላ ፈተና ነው። በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ተነሥቶ፣ በጃንሜዳ በኩል አድርጎ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያረፈውን አትክልት ተራ አስቡት። ቲማቲም ጭኖ በሌሊት የሚገባ አይሱዙ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። የካሜራው ሻተር ብርሃን ፍለጋ ለሰከንድ አንድ 25ኛ ተከፍቶ ቢቆይ መኪናው በዚያች ቅጽበት 33 ሴንቲ ሜትር ያልፋልና ታርጋው ተጎትቶ ነጭ መስመር ይሆናል። ሻተሩ 1/500 ላይ ሲታሰር መጎተቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ምስሉ ይጨልማል፣ ታርጋው ግን የካሜራውን ኢንፍራሬድ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ይነበባል። የሌሊቱ ምስል ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የኮድ 2 ሰማያዊና የኮድ 3 አረንጓዴ አይለዩም። ስለዚህ ታርጋ የሚያነብ ካሜራና ግቢ የሚያይ ካሜራ በአንድ ሴቲንግ አይሠሩም።

ከመብራት ጋር የተያያዘ ሌላም ሴቲንግ አለ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ሜኑው 60 ላይ ከተተወ በፍሎረሰንት አምፖል ሥር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ፤ ወደ 50 ወይም ፓል ወደሚለው ምርጫ ሲቀየር ይጠፋሉ።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት ግን ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ መቅጃዎች የተሠሩት ቻይና ነውና አንዳንዶቹ የሰዓት ክልላቸው በቤጂንግ፣ በጂኤምቲ ሲደመር 8 ላይ እንደተሞላ ይመጣሉ፤ የእኛ ሲደመር 3 ነው። ልዩነቱ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጁ መካከል ያለው ደግሞ ስድስት ነው። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ስሕተቱ ሳይታወቅ ለወራት ይኖራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፈረንጁ 08:00 ሆኖ ሳለ ስክሪኑ 13:00 ይላል፤ ባለቤቱም የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀኑም ያሳስታል። እኛ የረቡዕ ሌሊት 8 ሰዓት ስንል ለመቅጃው ሐሙስ 02:00 ነው፤ እርሱ ቀን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነውና። በረቡዕ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ወሩንም በፈረንጁ ቀን አስልቶ መፈለግ ያስፈልጋል፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 12።

በዚህ ላይ መብራት መጥፋት አለ። መቅጃው ውስጥ ሰዓቱን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የሚባል ድቡልቡል ባትሪ ነው። እርሱ ሲሞት መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንዳንዱ መቅጃ ቀኑን ወደ 2000 ይመልሰዋል፤ የዛሬው ቅጂም በዚያ ቀን ሥር ይከተታል። ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱን ከመረብ እንዲያርም ማዘዝ፣ ከሌለ ባትሪውን መለወጥ ነው። ሰዓቱ ተዛብቶ ሳለ ነገር ከደረሰ ቅጂው ወደ ፍላሽ ከመገልበጡ በፊት የስልክን ሰዓትና የስክሪኑን ሰዓት አንድ ላይ ፎቶ ማንሣት ይገባል፤ ልዩነቱ የተመዘገበ ቅጂ ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ሲደርስ ማስረዳት ይቻላል።

በስልክ ለሚያይ ሰው ሁለተኛው ቀጭን ሥርጭት፣ ሰብ ስትሪም የሚባለው፣ አለ። በሰከንድ 512 ኪሎ ቢት ላይ ሲቀመጥ አንድ ሰዓት ማየት 230 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ዋናው 4 ሜጋቢት ግን 1.8 ጊጋባይት። ከፋብሪካ የመጣው የመቅጃው የይለፍ ቃልም መቀየር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ባልተቀየረ ካሜራዎችና መቅጃዎች ላይ ሰፍሮ በዚያው ጥቅምት በርካታ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋርጧል።

የመጨረሻው ሴቲንግ የማይቀዳውን መወሰኛ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። በኮንዶሚኒየም ኮሪደር የአንዱ ካሜራ የሌላውን በር ያያል፤ ጎረቤት ማን እንደገባበት፣ መቼ እንደወጣ ይቀዳል። ሜኑው ውስጥ ያለው የመሸፈኛ ሣጥን በማውዝ በዚያ በር ላይ ሲሳል ያ ክፍል ጠቁሮ ይቀዳል፤ ኋላ በይለፍ ቃል የሚገባ ሰውም ሊገልጠው አይችልም። ድምፅ መቅጃውም ኮሪደር ላይ መጥፋት አለበት ባይ ነኝ። የጋራ ካሜራ በሚሰቀልበት ብሎክ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሚሆንና ቅጂው ስንት ቀን እንደሚቆይ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ባለሙያው ገና መሰላሉን ሳያነሣ፣ በቃለ ጉባኤ ይወስን።